የተወዳዳሪ ውሾች ጅማትና ያልተነገረው ስጋት

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ውሾቻቸውን ለመሰናክል ዝላይ ውድድር የሚያሠለጥኑ ሰዎች፣ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላቸው ስለ ጅማት ሊነገራቸው ይገባል። የፍሎሮኪኖሎን ቤተሰብ መድኃኒቶች የሰውን ጅማት ሊያስቆጡና ሊበጥሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለውሾች የሚታዘዘው ኤንሮፍሎክሳሲን ከዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም፣ በመግለጫው ጎልቶ የሚነበበው በማደግ ላይ ያሉ ቡችሎች የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ጉዳይ ነው።

እርግጥ ማስረጃው ገና ሙሉ አይደለም። በ2000 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከውሻ ቋንጃ ጅማት የተወሰዱ ሴሎችን መራባትና የኮላጅን ምርት ቀንሷል፤ ይህ ግን በሚሮጥ ውሻ ላይ ጉዳት መድረሱን አያረጋግጥም። ውሻው ያነከሰው በመድኃኒቱ ይሁን በልምምድ ብዛት መለየትም አዳጋች ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ይከልከል አንልም፤ ለአንዳንድ ከባድ ኢንፌክሽን ሌላ አማራጭ አይገኝምና።

የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2019 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች በትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዙ ለባለቤቱ ማብራሪያ ለመስጠት ፈቃደኝነታቸውን እንዲገልጹ ያስገድዳል። የግዛቱ የእንስሳት ሕክምና ቦርድ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እንጠይቃለን፦ ውሻው ይወዳደራል ወይ? የሚወዳደር ከሆነ ሐኪሙ ስጋቱን ይንገር፣ ልምምዱ እንዲቀንስ ይምከር፤ ውሻው በሕክምናው ወቅት ካነከሰም ለምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ሪፖርት ያድርግ።