ደብዳቤ እየገባ የማይወጣበት ምክንያት

በሩቅ አገር ለሚኖር ዘመድ መልስ ማዘግየት በአገራችን ልማድ እንደ መርሳት የሚቈጠር ነው። ዛሬም ደብዳቤ በኢሜይል የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የዘገየ ሰው በመንገድ ርቀትና በክረምት ጭቃ ሊያመካኝ አይችልም። ነገር ግን ልጅ ለእናቱ ጽፎ፥ ልኬአለሁ ብሎ ሲቀመጥ፥ ደብዳቤው ከገዛ መሣሪያው ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እናት ልጄ ረሳኝ ትላለች፤ ልጅም እናቴ መልስ ነሣችኝ ይላል፤ ሁለቱም ሳይበዳደሉ ይቀያየማሉ። ስለዚህ ኢሜይል የማይወጣበትን ምክንያት ማወቅ ለቤተ ሰብ ሰላም የሚጠቅም መሆኑን አስበን ይህን ጻፍን።

ብዙ ሰዎች፥ ደብዳቤ ሲመጣልን እያየን፥ መስመሩም ደኅና ሆኖ ሳለ፥ የእኛ ስለ ምን አይወጣም ብለው ይደነቃሉ። መልሱ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ልዩ ልዩ መሆኑ ነው። ይህንንም ከፖስታ ቤት ሥራ ማስተዋል ይቻላል። የመጣልንን ደብዳቤ ቍጥር ካለው የፖስታ ሣጥናችን በቍልፋችን ከፍተን እንወስዳለን። ለመላክ ግን ወደ መስኮቱ እንቀርባለን፤ ሠራተኛውም ክብደቱን መዝኖ፥ ቴምብሩን አይቶ ይቀበለናል። ሣጥኑ ስለ ተከፈተ መስኮቱም ክፍት ነው ማለት አይደለም። በኢሜይልም የመጣውን የሚያስረክበን አንድ አገልግሎት ነው፤ የሚወጣውን የሚቀበለን ሌላ ነው፤ ፖርት የሚባለው የበራቸው ቍጥርም ይለያያል።

በመጀመሪያ ይህ የመላኪያ በር ጠባቂ አልነበረውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓመት ጆን ፖስተል የጻፈው ኤስ ኤም ቲ ፒ የተባለው የመላኪያ ደንብ፥ ላኪው ማን እንደ ሆነ ማስረጃ አይጠይቅም ነበር። በሩም ቍጥሩ 25 ነው። በኋላ ግን ተንኰለኞች የሰውን ኮምፒውተር በቫይረስ እየያዙ፥ ባለቤቱ ሳያውቅ በዚሁ በር አይፈለጌ መልእክት በብዛት ላኩበት። ስለዚህ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ከመኖሪያ ቤት መስመር በ25 የሚወጣውን ዘጉት። በ1998 ዓመት ለደንበኞች መላኪያ የ587 በር ተወሰነ፤ በዚህም ስምንና የይለፍ ቃልን ማሳየት የተለመደ ሆነ። በ2018 ዓመትም ደብዳቤው ከመነሻው ተሰውሮ የሚጓዝበትን የ465 በር የሚመክር ደንብ ወጣ። እንግዲህ ሴቲንጉ በ25 የቀረ ሰው፥ ደብዳቤ እየተቀበለ መላክ ቢያቅተው አያስደንቅም።

ይህ ሲደርስ ወዲያው አገልግሎት ሰጪውን መውቀስ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለ፥ ከቤት ጀምሮ ወደ ውጭ በተራ መመርመር ይሻላል።

አንደኛ፥ ደብዳቤው ከተላኩት መካከል እንደ ሆነ ወይም ገና በመውጫው ሣጥን ተቀምጦ እንደ ሆነ ይታይ። በመውጫው ካለ ከእኛ ዘንድ አልተነሣም።

ሁለተኛ፥ ምንም ፎቶግራፍ ያልተያያዘበት አጭር ደብዳቤ ለራስ ይላክ። አጭሩ ሄዶ ረጅሙ ከቀረ ጥፋቱ የክብደት ነው። የተያያዘ ነገር ለጉዞ ወደ ፊደል ሲለወጥ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራልና፥ ወሰኑ 25 ሜጋባይት ቢሆን 20 ሜጋባይት የነበረው ከ26 በላይ ሆኖ ይመለሳል።

ሦስተኛ፥ በብራውዘር ወደ ኢሜይሉ ገብቶ ከዚያ መላክ ነው። ከዚያ ከሄደ አድራሻው ጤነኛ ነው፤ ጉድለቱ ያለው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ሴቲንግ ነው። ያን ጊዜ የመላኪያው ሰርቨር ስም፥ ፖርቱና የይለፍ ቃሉ ይመርመሩ። የይለፍ ቃሉን የለወጠ ሰው በመቀበያው በኩል አዲሱን ጽፎ፥ በመላኪያው በኩል አሮጌውን ትቶት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፥ በሌላ መስመር መሞከር ነው። በስልክ ኢንተርኔት ሄዶ በቤቱ መስመር እንቢ ካለ፥ የቤቱ መስመር ያንን በር ዘግቶት ይሆናል። መንገደኛም ይህን ያስተውል፤ አንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ የራሱን ሰርቨር በራሱ መስመር ላሉት ብቻ ስለሚፈቅድ፥ በቤቱ የሚልክ ሰው በሆቴል ሊከለከል ይችላል።

ደብዳቤው ተመልሶ ከመጣ የመለሰበትን ቃል ሳያነቡ መደምሰስ አይገባም። በ4 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ ቍጥር ችግሩ ለጊዜው መሆኑን ያሳያል፤ የላኪው ሰርቨርም ብዙውን ጊዜ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምረው ግን ቍርጥ እንቢታ ነው፤ አድራሻው ሳይታረም ወይም ምክንያቱ ሳይወገድ መልሶ መላክ ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልወጣ አገልግሎት ሰጪውን መጥራት ተገቢ ነው። ያን ጊዜ ኢሜይሌ ተበላሽቷል ከማለት ይልቅ፥ የተሞከረበትን ሰዓት፥ የበሩን ቍጥርና የተመለሰውን ቃል እንዳለ መንገር ሥራውን ያቀላል። ነገር ግን ላስተካክልልህ ብሎ የይለፍ ቃል ለሚጠይቅ ሰው፥ በስልክም ሆነ በደብዳቤ፥ አይሰጥ፤ የሰጠ ሰው የቤቱን ቍልፍ ለማያውቀው እንዳስረከበ ነው።

ጉዳዩ እስኪቃና ድረስ ግን ዘመድ በዝምታ አይቈይ። በስልክ ጠርቶ፥ ጽፌ ነበር፥ አልወጣልኝም ብሎ መንገር የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። መልስ ያጣ ወገንም ረሱኝ ብሎ ከመቀየሙ በፊት፥ ደብዳቤያችሁ ወጥቷልን ብሎ ይጠይቅ።