ፕሮግራም ይጠይቅ እንጂ አይገምት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 አዲስ ማሻሻያ ለቀቀ። ከቀናት በኋላ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ፎልደራቸውን ሲከፍቱ የዓመታት ፎቶና ጽሑፍ የለም። ኩባንያው ሥርጭቱን ወዲያው አቆመ፤ ማሻሻያው ታርሞ የተመለሰው ኖቬምበር 13 ነው።

ቫይረስ አልነበረም። ዊንዶውስ «ዶክመንትስ» እና «ፒክቸርስ» የሚባሉትን ፎልደሮች ወደ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ዲ ድራይቭ፣ ማዛወር ይፈቅዳል። ፎልደሩ ሲዛወር ፋይሎቹ አብረው ካልሄዱ ግን አሮጌው ቤት ውስጥ ይቀራሉ። ማሻሻያው አሮጌውን ፎልደር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ከነይዘቱ ጠረገው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ከመጥረጉ በፊት ባዶ መሆኑን ማየት ምን ይከብድ ነበር?

ማይክሮሶፍት ፋይል ጠፋብን ያሉት 0.01 በመቶ ብቻ ናቸው ብሏል። የልጁ ፎቶ ለጠፋበት አባት ይህ ምኑ ነው? ደግሞም ማሻሻያው ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት የሞከሩት ሰዎች ችግሩን አመልክተው ነበር፤ ብዙ ድምፅ ስላላገኘ ሰሚ አጣ።

ጥፋቱ ግን የማይክሮሶፍት ብቻ አይደለም። የሰው ሰነድ ሁልጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ፣ በተጠቃሚው ስም ሥር ይገኛል ብሎ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ በእጁ የሚጽፍ ፕሮግራመር ሞልቷል። ባለቤቱ ፎልደሩን ሲያዛውር እንዲህ ያለው ፕሮግራም አሮጌው ቦታ ላይ ማስቀመጡን ይቀጥላል። ባለቤቱ አያውቅም። ዊንዶውስ ግን ከቪስታ ዘመን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፎልደር ቋሚ መለያ ሰጥቷል፤ ፕሮግራሙ በዚያ መለያ «አሁን የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ትክክለኛው አድራሻ ይነገረዋል። ዲ ድራይቭም ይሁን ዋንድራይቭ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር፣ መልሱ ያው ከአንድ መስመር ኮድ አያልፍም። ስንፍና ካልሆነ ሌላ ምክንያት የለውም።

አድራሻው ውስጥ የተጠቃሚው ስም አለና ነገሩ እኛንም ይነካል። ስሙን በግዕዝ ፊደል «አበበ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ የላቲን ፊደል ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ፋይሉን መክፈት ሲያቅተው ያያል። ከዚያ «ስምህን በእንግሊዝኛ ጻፈው» ይባላል፤ ስህተቱ የስሙ ይመስል!

የሂሳብ ወይም የደመወዝ ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ዶክመንትስን ወደ ዲ ያዛውር፣ የተጠቃሚውን ስም በአማርኛ ያድርግ፣ ከዚያ ሻጩን «እስቲ አሁን አስቀምጥልኝ» ይበለው።