መሣሪያው ከቁም ሣጥን ይውጣ

ቦሌ ሚካኤል ነንና አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መምህራችን ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያየነው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ግን ሥራውን አላቋረጠም። የሚልከው ድምፅ በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ አይሰማም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድምፅ ይልካል፣ ገደል ማሚቶው እስኪመለስ ጊዜውን ይይዛል፣ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ጋሪ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። (የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል ያልን ነበርን፤ ተሳስተናል። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም።)

ጣጣው አተካከሉ ላይ ነው። ጋሪው እየሄደ ግራፉ አግድም መስመር ሆኖ ቀረ። ለካ ሲለካ የቆየው ዳር የተረሳ ወንበር ኖሯል! ወንበሩን አነሳን፤ ጋሪው ላይ ጠንካራ ካርቶን አቆምን። ነጠላን የመሰለ ለስላሳ ነገር ድምፁን ይውጠዋል። ከዚያ እኛው ፊት ለፊቱ ተራመድን። ስንቆም መስመሩ ተኛ፤ ስንርቅ ወጣ፤ ስንፈጥን አቀበቱ ባሰ። በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ የሸመደድነው ግራፍ ያን ቀን በእግራችን ገባን።

ታዲያ ለምን ተመልሶ ተቆለፈበት? «ይሰበራል» ይባላል። ሊሰበር ይችላል። ግን ያንን ወንበር ራሳችን ፈልገን ሳናገኝ ብንመረቅ፣ ነገ ተማሪው «ቲቸር፣ መስመሩ ለምን አይንቀሳቀስም?» ሲለን ምን ልንል ነው? ቁልፉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተረኛ ሠልጣኝ ይሰጥ፤ ፈርመን እንረከባለን።