የመኪናው ክንድና የሐኪሙ እጅ

ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ በወንዶች ፊኛ ሥር የሚገኝ፥ የሽንቱን ቧንቧ ዙሪያውን ከቦ የያዘ ትንሽ አካል ነው። ነቀርሳ ያደረበትና ነቀርሳውም ከዕጢው ገና ያልወጣ እንደ ሆነ፥ ሐኪሞች ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ሊያወጡት ይችላሉ። ነገር ግን ስፍራው ጠባብና የደም ሥር የበዛበት ነው፤ ሽንትን የሚቋጥረው ጡንቻና ለሩካቤ የሚያገለግሉት ነርቮችም በአጠገቡ ናቸው። ስለዚህ የሕመምተኛው ሥጋት ሁለት ነው፤ አንደኛው ሞት፥ ሁለተኛው ከቀዶው በኋላ የሚተርፈው ጉድለት። ብዙ አባቶች ነገሩን ከሚስታቸውም የሚሸሽጉት ይህን ሁለተኛውን አፍረው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ለዚሁ ሥራ ዋለ። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ፥ በሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል፥ ዶክተር ማኒ ሜነንና ባልደረቦቻቸው ሥራውን አስፋፉት። ይህ መኪና በራሱ ፈቃድ አይቆርጥም። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥና የውስጡን አካል አጉልቶ እያየ እጁን ሲያንቀሳቅስ፥ በትንንሽ ቀዳዳዎች የገቡት መሣሪያዎች ያንኑ ይከተላሉ፤ የእጁን መንቀጥቀጥም ያስቀራሉ። ሆዱ በጋዝ ስለሚነፋ ግፊቱ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይጫናል፤ በዚህም ምክንያት የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች ውጤት ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ሕመምተኞቹ ብዙ ደም ሳይፈስሳቸው ቶሎ ወደ ቤታቸው ገቡ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ሥራ ሲመዝን ፍርዱ ፍጹም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በአውስትራልያ በብሪስበን ከተማ 326 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ በሮቦት፥ እኩሌቶቹ በቀድሞው ልማድ ሆዳቸው ተከፍቶ ታከሙ። ውጤቱ በ2016 እና በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታተመ። በቀድሞው ልማድ የፈሰሰው ደም በአማካይ 1,300 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በሮቦቱ 440 ያህል ነበር። በሆስፒታል የተኙበትም ጊዜ ከ3 ቀን ወደ አንድ ቀን ተኩል ግድም አጠረ። ነገር ግን ሽንትን በመቋጠርና በሩካቤ ረገድ፥ ከ12 ሳምንትም ሆነ ከ2 ዓመት በኋላ፥ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መኪናው ደምንና የመኝታን ቀን ይቀንሳል፤ አባቶችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀውን ጉድለት ግን በራሱ አያስቀርም። በብሪስበን በቀድሞው ልማድ የቀደደው ሐኪም አስቀድሞ ከ1,500 በላይ ሰዎችን በዚያው መንገድ አክሞ የነበረ ሲሆን፥ በሮቦት የሠራው ሐኪም ጥናቱ ሲጀመር ገና 200 ያህል ብቻ ነበረው። ሁለቱም የሠለጠኑ ነበሩ፤ በሽንት መቋጠርና በሩካቤ ረገድም ውጤታቸው ተቀራረበ።

ስለዚህ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ምርጫ በቀረበላቸው ጊዜ፥ መኪናው አዲስ መሆኑን ብቻ ሰምተው አይወስኑ። ሐኪሙ ከዚህ ቀደም ስንት ሰው እንዳከመ፥ ከእነዚያም ስንቱ ሽንታቸውን መቋጠር እንደቻሉ በግልጽ ይጠይቁ። ነቀርሳው ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነም፥ ሳይቀደዱ በሐኪም ክትትል መቈየት ይቻል እንደ ሆነ ይረዱ። ባልም ይህን ጥያቄ ብቻውን ተሸክሞ አይሂድ፤ ሚስቱ አብራ ትስማ፥ አብራም ትምከር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።