ጨውን የያዘው ማሰሪያ

ዛሬ ስለ አቶሞች አያያዝ እንጽፋለን፤ ለዚህም ወደ ሩቅ ቦታ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከማድ ቤት ጥቂት ጨው አንሥተን ብንመለከት ይበቃናል።

ጎጃም ጨውን በብዙ ድካም ያገኝ የነበረ አገር ነው። በአፋር ምድር በአርሆ የሚቈረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ፥ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ፥ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ እስከ ነበረው እስከ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ገበያ አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ተቈጥሮ የሚከፈል ገንዘብም ነበረ። ያን ሁሉ ተራራና ቈላ እንደ ድንጋይ ጸንቶ ያቋረጠው አሞሌ ወጥ ውስጥ ሲገባ ግን ወዲያው ይሟሟል። ይህ ስለምን ይሆናል?

ግዙፍ ነገር ሁሉ በዐይን ከማይታዩ አቶም ከሚባሉ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። በአቶሙ መካከል አስኳል አለ፤ በአስኳሉ ዙሪያ ኤሌክትሮኖች በየእርከናቸው ይገኛሉ። አቶም ከአቶም ጋር የሚያያዘው በውጭኛው እርከን ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው።

ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውሕድ ነው። ሶዲየም በቢላዋ የሚቈረጥ ለስላሳ ማዕድን ሲሆን፥ ውሃ ሲነካው በኀይል ይፈላል፤ እሳትም ሊያነሣ ይችላል። ክሎሪን የሚያፍን መርዛም ጋዝ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ሜዳ ብዙ ወታደር ፈጅቷል። ለየብቻቸው ሳሉ ማንም ወደ አፉ አያቀርባቸውም።

ሶዲየም በውጭኛው እርከን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አለው፤ ክሎሪን ግን ሰባት ስላለው ስምንት ለመሙላት አንድ ይጐድለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየም አንዱን ይሰጣል፥ ክሎሪንም ይቀበላል። የሰጠው አዎንታዊ፥ የተቀበለው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያገኛል፤ ተቃራኒ ሙሎችም ይሳሳባሉ። በጨው ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፥ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየም ተከቦ በሥርዓት ተሰልፎ ይቆማል። ጨውን በእሳት ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያስፈልገው ይህ ማሰሪያ ጽኑ ስለ ሆነ ነው።

ውሃ ግን በሌላ ዐይነት ማሰሪያ የተያዘ ነው። ኦክሲጅንና ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ኤሌክትሮን አይሰጣጡም፤ በጋራ ይይዛሉ እንጂ። ይህን የጋራ አያያዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1916 የገለጠው አሜሪካዊው ሊቅ ጊልበርት ሉዊስ ነው። ኦክሲጅን የጋራውን ኤሌክትሮን ይበልጥ ወደ ራሱ ስለሚስብ የውሃ ቅንጣት አንዱ ወገን ጥቂት አሉታዊ፥ ሌላው ጥቂት አዎንታዊ ይሆናል። ስለዚህ ውሃ በአንዱ ወገኑ ሶዲየሙን፥ በሌላው ወገኑ ክሎሪኑን ከብቦ ከሰልፉ ይነቅላል። የምድጃችን እሳት የማያቀልጠውን ጨው ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈታው እንዲህ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ለዕውቀት ያህል ነው፤ የሚቀጥለው ግን የልጆቻችን ጉዳይ ነው።

እንደ ጮቄ ተራራ ባለ ዝናም በሚበዛበት ደጋ፥ ጐርፍ ለብዙ ዘመን አፈሩን እያጠበ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይወስደዋል። አዮዲን ካነሰው አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። በአንገት ፊት ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አዮዲን ስታጣ ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ከእብጠቱም የሚከፋው በዐይን የማይታየው ጕዳት ነው፤ እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን እጅግ ካነሳት የሕፃኑ አእምሮ ዕድገት ይጐዳል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዟል።

አዮዲኑ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት በሚባል ውሕድ ነው። በዚህ ውሕድ ሁለቱም ማሰሪያዎች ይገኛሉ፤ አዮዲን ከኦክሲጅን ጋር ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛል፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ደግሞ ከፖታሲየም ጋር በመሳሳብ ይያያዛሉ። ነገር ግን እርጥበት፥ ሙቀትና እድፍ ሲበዛበት የአዮዲኑ ማሰሪያ ይፈታል፤ አዮዲኑም በንኖ ይጠፋል።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አኑሩት፤ ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ፀሓይም አታስመቱት። እድፍ አለው ብላችሁ አትጠቡት፤ አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ይፈስሳልና። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት እንጂ ከመጀመሪያው አታፍሉት። አባቶችም ገበያ ስትወጡ አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ። ይህን ስንል ጨው ይብዛ ማለታችን አይደለም፤ ልኩ አይለወጥም። አንገቱ ያበጠበት ሰው ካለ ግን ጨው ብቻውን ይፈውሰዋል ብላችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። የአዮዲን ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ አዮዲኑ የጠፋ ጨውም እንደ ቀድሞው ይጣፍጣልና ምላስ አይለየውም። ምላስ የማይለየውን የሚጠብቀው የቤቱ ጥንቃቄ ብቻ ነው።