ብስክሌቱን ከመከልከል ፍሬኑን መጠገን ይቅደም



በቅርቡ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ደጋፊ ማግኘቱን ሳትሰሙ አትቀሩም። ሐሳቡ «ከእንግዲህ ተማሪ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት አይምጣ» የሚል ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በገበያው መንገድ ላይ ውሃ ተሸክመው ይሄዱ የነበሩ አንዲት እናት ገጭቶ እጃቸው ተሰብሯል። ውሳኔው በሚቀጥለው ስብሰባ ይሰጣል ስለተባለ፣ በየቀኑ ከካኩማ 3 ወደ ትምህርት ቤታችን በብስክሌት እንደሚመላለስ አስተማሪ፣ ከዚያ በፊት በበኩሌ የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ለተጎዱት እናታችን ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ እላለሁ። የወላጆችም ስጋት እውነተኛ ነው። ልጁን ከጦርነትና ከረጅም የስደት መንገድ አትርፎ እዚህ ያደረሰ ወላጅ፣ በትምህርት ቤት ጎዳና ላይ እንዲጎዳበት ወይም ሰው እንዲጎዳ አይፈልግም። ሆኖም መድኃኒቱ ክልከላ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ምክንያቴን ላስረዳ።

አደጋው በደረሰ ማግስት ብስክሌቱን ቀርበን አይተነዋል። የኋላው ፍሬን ጎማዎቹ አልቀው ባዶ ብረት ብቻ ቀርቷል። የፊተኛው ፍሬን ዘንግ በሽቦ ታስሮ ስለነበር ቢጨብጡትም አይሠራም። ልጁ ታዲያ በምን ያቆም ነበር? እናንተ ተማሪዎች መልሱን ታውቁታላችሁ። በነጠላ ጫማው ነበር። እግሩን ወደ ኋላ ልኮ ጎማው ላይ እየተጫነ ነበር የሚያቆመው። በዚህ ሰፈር ስንት ልጅ እንዲህ እንደሚያቆም ለማወቅ ጠዋት በራችን ላይ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል። እንግዲህ እናታችንን የጎዳው ብስክሌት መኖሩ ነው ወይስ ፍሬን አለመኖሩ? ብስክሌት ብንከለክል ያው ፍሬን የሌለው ብስክሌት ከትምህርት ሰዓት ውጭ በዚያው ገበያ መሽከርከሩን አይተውም። በራችን ላይ ግን መርምረን ለማስተካከል የነበረን ዕድል ያመልጠናል።

በተጨማሪም ክልከላው ማንን እንደሚጎዳ እናስብ። ካምፑ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ሰፈሩ ትንሽ ነበር። ዛሬ ከካኩማ 1 እስከ ካኩማ 4 ተዘርግቷል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህም የካሎበዬይ ሰፈር ተጨምሮበታል። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ የሚኖር ልጅ ብስክሌት ቢከለከል የሚቀርበት ነገር የለም። ሩቅ ያለው ልጅ ግን ወይ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ወይ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማጣት ግዴታው ይሆናል። ከትምህርት በኋላም ውሃ መቅዳትና ታናናሾቹን መጠበቅ አለበት። ብስክሌት ለእሱ መጫወቻ ሳይሆን ጊዜ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለብስክሌትም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ያለንበት አገር አሸዋማና ሞቃት ነው። በየመንገዱ ዳር የበቀለው ማተንጌ የሚባለው ዛፍ እሾሁ ለጎማ አይመለስም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛው ፍሬን ነው። ብስክሌቱን ቆማችሁ ያዙ፤ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ወደ ፊት ግፉ። የፊቱ ጎማ መዞር የለበትም። የኋላውንም እንዲሁ ሞክሩ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ የተሽከርካሪውን ጠርዝ መፋቅ ከጀመረ ያ ብስክሌት ከቤት መውጣት የለበትም።

ሁለተኛው ጎማ ነው። በአውራ ጣታችሁ ጫን ስትሉት በቀላሉ የሚጎደጉድ ከሆነ ይነፋ። የተበሳ ጎማ ስትለጥፉ የብዙ ልጆችን ልፋት ከንቱ የሚያደርግ አንድ ነገር አለ፤ እሾሁን ሳያወጡ መለጠፍ ነው። የውስጡን ጎማ ከመመለሳችሁ በፊት በውጭኛው ጎማ ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሱ። ተሰብሮ የቀረው የእሾህ ጫፍ ጨርቁን ይይዘዋል። እሱን ካላወጣችሁ አዲሱ ልጣፊ ትምህርት ቤት ሳትደርሱ ይበሳል። ማስቲሹንም ቀብታችሁ ወዲያው አትለጥፉ፤ በጣት ሲነካ እርጥበቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ሦስተኛው ሰንሰለት ነው። ብዙዎቻችሁ ዘይት በበዛ ቁጥር የተሻለ ይመስላችኋል። በአሸዋ አገር ግን የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ዘይትና አሸዋ ሲቀላቀሉ ደግሞ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበሉታል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ በየመጋጠሚያው ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፤ በመጨረሻም ከላይ የቀረውን ዘይት ጥረጉ።

አራተኛው ብሎን ነው። የሁለቱ ጎማዎች፣ የመሪውና የመቀመጫው ብሎኖች ላልተው እንደሆነ ፈትሹ። በጉድጓዳም መንገድ ሲንገጫገጭ የሚውል ብስክሌት ብሎኑ ሳይታወቅ ይላላል።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ መንገዱ ይቀራል። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች በቀኝ መንዳትን ለምደናል። በኬንያ ግን የሚነዳው በግራ ነው። ብዙ ተማሪዎች አሁንም በቀኝ በኩል፣ ከፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር እየተፋጠጡ ይሄዳሉ። ልዩነቱን በሚገባ ያዙ። እግረኛ ወደ እሱ የሚመጣውን መኪና እያየ በቀኝ ዳር ቢሄድ ይጠቅመዋል፤ ባለ ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነው፤ በግራ በኩል ከመኪኖቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት። መንገድ ስታቋርጡ ለእናንተ ቅርብ የሆነው መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነውና መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ተመልከቱ። በተለይ ከሎድዋር ተነስቶ በሎኪቾጊዮ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ስታቋርጡ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ እየገፋችሁ ተሻገሩ። የጭነት መኪና ከርቀት ሲታይ የዘገየ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ስለ ፍጥነትም ፊዚክስ የተማራችሁ የምታውቁት ነገር አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ፍሬን ይዛችሁ ለመቆም ከሚያስፈልጋችሁ ርቀት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁ አራት እጥፍ ነው። በእጥፍ ፈጥናችሁ አራት እጥፍ ቦታ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። በገበያ መካከል ያን ቦታ ማን ይሰጣችኋል? ጀሪካን የተሸከሙ እናቶች፣ ፍየል የሚነዱ የቱርካና ልጆች፣ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት አሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው። ገበያ ስትደርሱ ውረዱና ግፉ። ዝናብ ሲዘንብም የታራች ወንዝን አትድፈሩ። ደረቅ የነበረ አሸዋ ሌላ ቦታ በዘነበ ዝናብ በድንገት ሊሞላ ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት ለተማሪዎች ነበር። አሁን ወደ ወላጆች ልመለስ፤ ጥፋቱ ሁሉ የልጆች አይደለምና። በትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ሞተር ብስክሌቶችና የድርጅት መኪኖች አቧራ እያስነሱ ሲያልፉ በየቀኑ እናያለን። ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ የለም፤ «የልጆች መሻገሪያ» የሚል ምልክትም የለም። ጠይቀን እናውቃለን? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ከማንኛውም በሽታ ይልቅ ገዳዩ የመንገድ አደጋ እንደሆነ አስታውቋል። ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ የሆኑት እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። መንገድ የሚገድለው በአመዛኙ መኪና የሌለውን ነው። መንገዱን የሚሠሩትና ደንቡን የሚያወጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመኪና የሚሄዱት ናቸው። የብስክሌት ነገር ፖለቲካ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ማን ይሰማናል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዛሬ ሆላንድ ሲባል ከሰው ይልቅ ብስክሌት የሚበዛባት አገር ናት። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። በ1971 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በተከታዩ ዓመት አንድ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ጋዜጠኛ የሕፃናቱ ግድያ ይቁም ብሎ ጻፈ። እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ወጥተው መንገድ ዘጉ፣ ለባለ ሥልጣኖች አቤት አሉ፣ የተሻለ መንገድ ምን እንደሚመስል በወረቀት ሥለው አቀረቡ። ቀስ በቀስ አገሪቱ መንገዶቿን ለወጠች። ለውጡን የጀመሩት እንደ እናንተ ያሉ ወላጆች ናቸው። እኛ መንገድ መዝጋት አያስፈልገንም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ስማችንን አስፍረን አንድ ጉብታና አንድ ምልክት እንጠይቅ ነው የምለው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባኛል። በዚያው ስብሰባ ላይ «ለሴት ልጅማ ብስክሌት ድሮም ነውር ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ስለ አደጋ የተነሳ ጉዳይ አይደለም። ሩቅ ሰፈር የሚኖሩ ሴት ተማሪዎቻችን ወደ ላይኛው ክፍል ሲደርሱ ቁጥራቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ አስተማሪዎች ሁሉ እናያለን። ለብቻዋ በምሽት በእግሯ የምትመለስ ልጅ ከአንዲት በብስክሌት ቶሎ ቤቷ ከምትደርስ ልጅ የበለጠ እንደምትጋለጥ ወላጅ ያውቃል። ማሶማ አሊ ዛዳ የምትባል የአፍጋኒስታን ተወላጅ በአገሯ ሴት ሆና ብስክሌት በመንዳቷ ብዙ ተንገላታለች። በ2021 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በብስክሌት ተወዳደረች። በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ በዚያው የስደተኞች ቡድን ውስጥ የተወዳደረችው የኢትዮጵያ ተወላጅዋ እየሩ ተስፋአም ገብሩ ናት። ሴት ልጆቻችን ሁሉ ኦሎምፒክ ይሂዱ አልልም። ትምህርት ቤት ይድረሱ ነው የምለው።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ስብሰባ በክልከላው ፋንታ የሚከተለውን አቀርባለሁ። ዘወትር ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ብስክሌቶች ሁሉ በግቢው ውስጥ ይመርመሩ። ፍሬን የሌለው ብስክሌት እስኪጠገን ድረስ በር አያልፍ፤ ይህንን ክልከላ እኔም እደግፋለሁ። ለዚህም ትምህርት ቤቱ አንድ የዕቃ ሣጥን ይኑረው። መንፊያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ ጥቂት የፍሬን ጎማዎች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ይሞላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! በገበያው ያሉ ፉንዲዎችም ለትልልቆቹ ተማሪዎች፣ ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ሙያውን እንዲያሳዩ እንጠይቃቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ነገ በዚህ ሙያ እንጀራ ሊበሉበት ይችላሉ። የወላጆች ኮሚቴም ስለ ጉብታውና ስለ ምልክቱ ማመልከቻ ይጻፍ። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።

ውድ ወላጆች፣ ካለፈቃድ መንቀሳቀስ ለማይቻለው፣ ለብዙ ዓመታት በየኬላው ወረቀት ሲጠየቅ ለኖረ ሰው፣ በራሱ ጉልበት ወደ ፈለገው ቦታ የሚያደርሰው ነገር ትንሽ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት እቤታችሁ ደጃፍ የቆመውን ብስክሌት ፍሬን አንድ ጊዜ ጨብጣችሁ ሞክሩ። የማይዝ ከሆነ ዓርብን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ አስጠግኑት።