ለቤት የሚሆን የመኪና መመርመሪያ መሣሪያ፤ የገዢው ምርጫና የሻጩ ኀላፊነት

መኪና ያለው ሰው ሁሉ በመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚበራውን ብጫ የሞተር ምልክት ያውቀዋል። ምልክቱ በበራ ጊዜ ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ መካኒኩም ከሁሉ አስቀድሞ አንድ መሣሪያ ከመኪናው ጋራ አገናኝቶ የብልሽቱን ቍጥር ያነባል፤ ለዚህም ንባብ ዋጋ ይቀበላል። በጋራዥ ቋንቋ ስካነር የሚባለው ይህ መሣሪያ ዛሬ መጠኑ አንሶ፣ ዋጋውም ረክሶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኝ፣ ማንኛውም ባለ መኪና ገዝቶ በቤቱ ሊያኖረው የሚችል ዕቃ ሆኗል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዕቃው ብዙ ጊዜ «ሁሉንም መኪና ያነባል» በሚል አንድ ቃል ብቻ መሸጡ ገዢውን የሚጐዳ፣ ነጋዴውንም ውሎ አድሮ የሚያሳፍር አሠራር ነው።

የነገሩ መሠረት እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመኪናን ጢስ ለመቈጣጠር ሲል፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ በአገሩ የሚሸጡ የቤት መኪናዎችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዐይነት የመመርመሪያ ሥርዐት እንዲኖራቸው አስገደደ፤ ይህም ኦ.ቢ.ዲ. ሁለት የሚባለው ነው። የአውሮጳ ኅብረትም ተመሳሳዩን ሕግ ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን ለሚሄዱ፣ ከ2004 ጀምሮ በናፍጣ ለሚሄዱ አዳዲስ የቤት መኪናዎች በሥራ ላይ አዋለ። ስለዚህ ለእነዚህ ገበያዎች ከተባሉት ዓመታት በኋላ የተሠራ መኪና፣ ከመሪው በታች ባለው 16 ቀዳዳ መሰኪያ በኩል በርካሹም መሣሪያ የሞተሩ ብልሽት ሊነበብ ይችላል።

ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ግን፣ ይልቁንም በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡት፣ መሰኪያቸው ያንኑ ቅርጽ ይዞ ሳለ ኮምፒዩተራቸው የሠሪውን ፋብሪካ የተለየ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ መንገድ ጐን ለጐን የሚሄዱ ሁለት ኮሮላዎች መልካቸው አንድ ቢመስልም፣ አንደኛው ለአውሮጳ፣ ሁለተኛው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ከሆነ መሣሪያው አንዱን አንብቦ በሌላው ላይ ዝም ሊል ይችላል። መሰኪያው ገባ ማለት መኪናው ተነበበ ማለት አይደለም። እንግዲህ ገዢው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ሻጩ «መኪናው ምን ዐይነት ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለየትኛውስ አገር ገበያ ተሠራ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ምክር ለዚህ ንግድም ይሠራል።

በገበያ የሚገኙት መሣሪያዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የራሱ መስተዋት ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ቀላል አንባቢ ነው። ሁለተኛው በመሰኪያው ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ወይም በዋይ ፋይ ከስልክ ጋራ የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ ነው። ሦስተኛው የጋራዥ መሣሪያ ሲሆን፣ ከሞተሩ ሌላ ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለውን የፍሬን ሥርዐትና ኤርባጉንም ጭምር ይመረምራል፤ ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ያለ ነው። ለአንድ ቤተ ሰብና ለአንድ መኪና የመጀመሪያው ወገን ይበቃል፤ ነገር ግን ቍጥሩን አንብቦ ከመደምሰስ በላይ ሦስት ነገሮችን የሚያሳይ መሆን አለበት። እነዚህም ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው የወቅቱ ልክ፣ ብልሽቱ በተመዘገበበት ደቂቃ የነበረው ሁኔታ፣ እንዲሁም መኪናው የራሱን ምርመራ መፈጸሙን የሚገልጸው ምልክት ናቸው።

በስልክ የሚሠራው ዕቃ ከሁሉ ይረክሳል፤ የሚያታልለውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። የዚህ ዕቃ አባት ኤልም የተባለው የካናዳ ኩባንያ የሠራው ኤልም 327 የሚባል ቺፕ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም ከመቀዳት የሚጠብቀው መከላከያ ስላልነበረው በብዛት ተቀዳ። ኩባንያው በ2022 ሥራውን ቢያቆምም ስሙ እስከ ዛሬ በየካርቶኑ ላይ ይታተማል። ከእነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹ «እትም 1.5» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ኩባንያው ግን እንደዚህ ያለ እትም አውጥቶ አያውቅም። ቅጂ ሁሉ አይሠራም ለማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቀላሉን ንባብ በሚገባ ይፈጽማል፤ አንዳንዱ ግን ከፊሉን ትእዛዝ ስለማያውቅ በመካከል ያቋርጣል። ደግሞም በቀድሞው ዐይነት ብሉቱዝ የሚሠራው ዕቃ ከአንድሮይድ ስልክ ጋራ ሲገናኝ ከአይፎን ጋራ ላይገናኝ ስለሚችል፣ የገዢው ስልክ ምን ዐይነት እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዕቃው ጥራት የሚበልጠው ጉዳይ ግን የንባቡ ትርጉም ነው። መሣሪያው የሚናገረው ምልክቱን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። ለምሳሌ ፒ0301 የሚለው ቍጥር በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያስታውቃል፤ ምክንያቱ ግን ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ ኢንጀክተሩ ወይም የሞተሩ ግፊት መድከም ሊሆን ይችላል። ለየሲሊንደሩ የራሱ ኮይል ባለው ሞተር ላይ የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋራ አለዋውጦ እንደ ገና ማንበብ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቍጥሩ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እንደዚሁም ፒ0420 የሚለው ቍጥር የካታላይዘሩ ሥራ መቀነሱን ይገልጻል፤ ሆኖም ቍጥሩን ያመጣው የጢስ ማውጫው መሸንቈር ወይም የኦክስጂን ሴንሰሩ መበላሸት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይመረምር ቍጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ሶማሌ ተራ የሚሮጥ ሰው፣ ደኅናውን ዕቃ አውልቆ ውዱን ገዝቶ፣ ምልክቱ ግን በማግስቱ ተመልሶ ሲበራ ያያል። ቍጥሩን መደምሰስም ብልሽቱን ማስተካከል አይደለም፤ እንዲያውም መካኒኩ ሊመለከተው የሚገባውን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል።

ይህ መሣሪያ ለቤት ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ዋጋውን በአንድ ቀን የሚመልሰው ያገለገለ መኪና ሲገዛ ነው። የሰሌዳው ምልክት ባይበራም፣ መኪናው ከምርመራዎቹ ብዙዎቹን ገና እንዳልፈጸመ መሣሪያው ካሳየ፣ የብልሽቱ መዝገብ በቅርቡ ተደምስሶ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ይህ ብቻውን የሻጩን ተንኰል አያስረዳም፤ ገዢው ግን ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደ ገና እስኪታይ ድረስ ገንዘቡን እንዳይከፍል ያስጠነቅቀዋል።

የዕቃው ወሰንም በግልጽ መነገር አለበት። ርካሹ አንባቢ በአብዛኛው ኤርባግንና ኤ.ቢ.ኤስ.ን አያነብም። ለ12 ቮልት የተሠራውን መሣሪያ በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ መሰካት አይገባም። ከዚህም በላይ፣ በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ የገበያው ፊት ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ኦ.ቢ.ዲ. ሁለት ግን የተወለደው ጢስን ለመቈጣጠር ነው፤ ጢስ የሌለው መኪና ለዚህ ሥርዐት የሚነግረው እጅግ ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናን ዋና ባትሪ ሁኔታ ለማወቅ ያንን ሞዴል ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሺሕ ርካሽ አንባቢ የሚያዝዝ አስመጪ፣ ዕቃው አስቀድመው ለገቡት የነዳጅ መኪናዎች ብቻ እንደሚያገለግል ዐውቆ ሊያዝዝ ይገባዋል። እነርሱም ገና ብዙ ዘመን በመንገድ ላይ ስለሚቈዩ ገበያው አይጠፋም።

አንዳንድ ባለ ሱቆች «ገዢው የሚፈልገው ርካሹን ብቻ ነው፤ ብዙ ማስረዳት ገበያ ያበላሻል» ይላሉ። ይህ ክርክር ለአንድ ቀን ሽያጭ እውነት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው በመኪናው ላይ ዝም ያለበት ሰው ግን ያንን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሱቁንም ይተዋል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። መካኒኮችም ሥራችን ይቀንሳል ብለው ሊሠጉ አይገባም፤ ቍጥሩን ዐውቆ የሚመጣ ደንበኛ የሚፈልገው ምርመራና ጥገና ነው፤ ይህም የእጅ ሙያ እንጂ የመሣሪያ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ ይበጃል። አስመጪው በብዛት ከማዘዙ አስቀድሞ ጥቂት ናሙና አስመጥቶ በከተማው በሚበዙት መኪናዎች ላይ ይፈትን። በካርቶኑ ላይ ዕቃው የሚያነበውንና የማያነበውን የመኪና ዐይነት፣ ዓመትና ገበያ፣ የሚስማማውንም ስልክ በአማርኛ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ይለጥፍ። ባለ ሱቁም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መሣሪያውን በገዛ መኪናው ላይ ሰክቶ እንዲያይ ይፍቀድለት፤ ፈተናው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣ ዕቃ በመሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ቢቀር የሚጐዳው ገዢው ብቻ አይደለም። በአምስት ደቂቃ ፈተና ያለፈ ዕቃ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛው ነው።